ባለቤት ያለው ቃል

የመሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ልጆች አንድም ቃል ከራሳቸው ፈልስፈው አያውቁም። ይህን የምለው ለሐሜት አይደለም፤ ለሐሜት ቢሆንማ ሌላ ብዙ አለኝ። ራሳቸው በኩራት የሚናገሩት ነገር ነው። በኋላ አዲስ አበባ ገብተው የፊልም ደራሲ ሲባሉ፣ የወንድምና የእህት ስም ጎን ለጎን ሸራ ላይ ሲወጣ፣ የጠየቃቸው ሁሉ ይህንኑ መልስ ያገኝ ነበር አሉ፤ «እኛ አንፈጥርም፣ ከሰው አፍ እንወስዳለን።» እኔ ግን አንድ ቀን ሲፈጥሩ አይቻቸዋለሁ። አንዴ ብቻ። እንዴት አድርገው እንደፈጠሩት ሳስበው እስከ ዛሬ ይገርመኛል፤ ይዘገንነኛልም።

ሞላ እባላለሁ። በስልሳ ዘጠኝና በሰባ ዓመተ ምሕረት በላሊበላ የኪነት ቡድን ውስጥ ባላባት ሆኜ የምጫወተው እኔ ነበርኩ። ገበሬ ልሁን፣ ወታደር ልሁን የሚል መዓት ነበር፤ ባላባት ልሁን የሚል ግን ጠፋ። ለጨዋታ እንኳ ቢሆን በዚያ ዘመን ባላባት ተብሎ መጠራትን ማን ይወዳል? እኔ የሸማኔ ልጅ ነኝ። ሰባት ትውልድ ወደ ኋላ ቢቆጠር አንድ ጥማድ መሬት የያዘ ዘመድ አይገኝብኝምና ደፍሬ ገባሁበት።

ከልጆቹ ታላቅየው ሙሉሃብት ያኔ ሃያ አራት ዓመቱ ነበር። የቅኔ ትምህርቱን ጥሎ ዘመናዊ ትምህርት ቤት የገባ፣ ጽሕፈቱ የሚያምር፣ እንደሚያምርም የሚያውቅ ልጅ። እህቱ የሺሃረግ በሦስት ዓመት ታንሰዋለች። አባታቸው የቅኔ መምህር ናቸው፤ እኛ ሁላችን የኔታ ነው የምንላቸው። ከብልባላም ከኩልመስክም የሚመጣ ተማሪ ግቢያቸውን ሞልቶ ይውል ነበር። የሺሃረግ ሴት ናትና ከተማሪ ጋር አትቀመጥም፤ ከግድግዳው ወዲህ ሆና ስትሰማ ግን አንድ ቃል አይወድቅባትም። የኔታ ይህን ያውቃሉ። የደነዘ ተማሪ ሲያጋጥማቸው ይጠሯትና የትናንቱን ቅኔ በይው ይሏታል፤ ትለዋለች። «አየህ፣ ሴት እንኳ ይዛዋለች» ይሉታል ተማሪውን። ከዚያ እሷን «ሂጂ ወደ ሥራሽ» ይሏታል። ምስጋና የሚባል ነገር ከአፋቸው ሲወጣ የሰማ የለም።

በቅኔ ቤት አንድ ሕግ አለ። የሌላ ሰው ቅኔ የሚያሰማ ተማሪ አስቀድሞ የባለቤቱን ስም ይጠራል፤ ይህ የእገሌ ነው ብሎ። ሳይጠራ ያለፈ ሌባ ነው። ዶሮ የሰረቀ ይቅርታ ያገኛል፤ ቅኔ የሰረቀ ግን ሸብቶም ይነሳበታል። እነ ሙሉሃብት ይህን ሕግ ከእናታቸው ጡት ጋር ነው የጠቡት። ለቀበሌው ኪነት ተውኔት መጻፍ ሲጀምሩም አልተዉትም።

ቅዳሜ ቅዳሜ የሺሃረግ ገበያ ትወርዳለች። እንቁላል የምትገዛ መስላ ካንዷ ወዳንዷ ስትል ትውላለች፤ የምትሸምተው ግን የሰው ንግግር ነው። ተመልሳ ለወንድሟ ታወርድለታለች፣ እሱ ይጽፋል። «እንዲህ አለች።» «እንዲህማ አትልም።» «ብላለች አልኩህ!» እየተባባሉ ሲጨቃጨቁ አጠገባቸው እቀመጣለሁ። ከዚያ ይካፈላሉ፤ እሱ አንዱን ሰው ይሆናል፣ እሷ ሌላውን፤ አንዱ የጀመረውን ሌላው ይጨርሳል። ከማን አፍ እንደወጣ ያልታወቀ ቃል ግን አይገባም። አንድ ጊዜ እኔ ከራሴ የጨመርኩትን ቀልድ የሺሃረግ «ባለቤት የለውም» ብላ ሰረዘችብኝ። የኔ ነው ብላት፣ «አንተ እንዲህ አትናገርም» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ አልናገርም።

ስለ መሬት አዋጁ ተውኔት ጻፉ ተባሉ። ለተውኔቱ ባላባት ያስፈልጋል፤ ባላባት ደግሞ ገበያ ውስጥ አይገኝም። ገሚሱ ሸሽቷል፣ የቀረው አፉን ዘግቷል። ልጆቹ ግን ሩቅ መሄድ አላስፈለጋቸውም። አፉን ያልዘጋ አንድ ሰው ቤታቸው ውስጥ ነበር።

የኔታ ባላባት አልነበሩም። ለአገልግሎታቸው ከደብሩ የሚበሉት መሬት ነበራቸው፤ በአዋጁ ሄደ። ተማሪውም እየሳሳ መጣ። እሳቸው ከበራቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይናገራሉ። የማይነኩት ሰው የለም፤ አንደበት ግን አላቸው! «መሬቱን ለገበሬው ሰጣችሁት፤ ደግ። ዝናቡንስ ለማን ሰጣችሁት?» ይላሉ። «ትናንት በሬ ሲነዳ የኖረ ሁሉ ዛሬ ሰው ካልነዳሁ አለ» ይላሉ። እሳቸው ያማርራሉ፣ ልጆቻቸው ይለቅማሉ። ቃሉን የወሰዱት ልጆቹ ናቸው፤ ድምፁን የወሰድኩት ግን እኔ ነኝ። የኔታ ንግግር ከመጀመራቸው በፊት ሁለት ጊዜ ይስላሉ፤ ሰው ሲንቁ ጢማቸውን ከታች ወደ ላይ ይደባብሳሉ። ሁለቱንም ያዝኩ።

መጀመሪያ በቀበሌው አዳራሽ ያሳየን ዕለት፣ ሁለት ጊዜ ስዬ ጢሜን ወደ ላይ ስደባብስ ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ ከኋላ አንዲት ሴት ሳቋ አመለጣት፤ ከዚያ ሁሉም። ሰው እየሳቀ እንባውን ይጠርግ ነበር። የማን አፍ እንደሆነ ያልገባው ካድሬው ጓድ ከፋለ ብቻ ነው፤ እሱ ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድቦ የመጣ ሰው ነው። ጀግናው ገበሬ ሲናገር ሕዝቡ ያጨበጭባል፣ ከደጅ ሳይደርስ ይረሳዋል። የባላባቱን ቃል ግን እህል ሲሰፍር ይደግመዋል። አንዱ ወደ ሰማይ ቀና ብሎ «ለማን ሰጡት ይሆን?» ካለ ሁሉም ይገባዋል። የኔታ ምንም አላወቁም። ኪነት ለሳቸው ዘፈን ነው፤ ዘፈን ደግሞ ኃጢአት። የነገራቸውም የለም። ዝም አይነቅዝም ይላል የኛ ሰው።

ወልድያ ላይ ከየአውራጃው ቡድኖች ጋር ተወዳድረን አንደኛ ወጣን። ወሬው አዲስ አበባ ደረሰና በሰባ ዓመተ ምሕረት ኅዳር ላይ፣ መንገዱ እንደደረቀ፣ አንድ የፊልም ሰው ከነካሜራው በጋሸና በኩል መጣ። አብዱልሀሚድ ይባላል፤ ቀጭን፣ ሲጋራ ከጣቱ የማይለይ፣ ፊት ለፊት ተናጋሪ ሰው። ተውኔቱን በጠራራ ፀሐይ ለሱ ብቻ አሳየነው። ሲያልቅ እዚያው አዳራሹ ውስጥ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ጓድ ከፋለ ከጎኑ ነው፣ እነ ሙሉሃብት ፊት ለፊት፣ እኔ ገና የባላባቱን ካባ አላወለቅሁም።

«ገበሬያችሁ እንደ ጋዜጣ ነው የሚያወራው» አለ አብዱልሀሚድ። «ባላባታችሁ ግን ሰው ነው። ይህን ፊልም አደርገዋለሁ። እናንተም ከኔ ጋር አዲስ አበባ ትሄዳላችሁ፤ እዚያ እንዲህ የሚጽፍልኝ የለም። እስቲ ንገሩኝ፣ እንዴት ፈጠራችሁት?»

ፈጠራችሁት የሚለው ቃል ከነከናቸው። በቅኔ ቤት ላደገ ሰው ያልሠራውን ሠራህ ከመባል የከፋ ስድብ የለም።

«እኛ አልፈጠርነውም» አለ ሙሉሃብት ቀና ብሎ። «ባለቤት አለው።»

«እያንዳንዱ ቃል ባለቤት አለው» አለች የሺሃረግ።

ጓድ ከፋለ እስከዚያ ድረስ በብዕሩ ጥርሱን ይጎረጉር ነበር። አቆመ። «ባለቤት አለው? ያ ዝናቡንስ ለማን ሰጣችሁት የሚለው ቃል ባለቤት አለው?»

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ሁለቱም ያኔ ነው የባነኑት። «የኛ ነው» ቢሉ፣ ያን ቃል ያሰቡት እነሱ ሊሆኑ ነው። እውነቱን ቢናገሩ አባታቸው ናቸው። የዚያን ጊዜ ሰው በአንድ ቃል ነበር የሚገደለው፤ ለዚያውም ባነሰ።

«የአንድ የብልባላ ባላባት ነው» አለ ሙሉሃብት።

«አዝመራው የሚባል» አለች የሺሃረግ።

«ሃያ ጋሻ መሬት ነበረው።»

«ጭሰኞቹን እህል ጭነው ሲመጡ ዝናብ ላይ አቁሞ ነው የሚያስጠብቃቸው። ዝናቡ የኔ ነው ይላል።»

«ከደጁ ትልቅ ዋርካ አለ፤ እዚያ ሥር ተቀምጦ ይፈርዳል።»

«ሲፈርድ ጢሙን ወደ ላይ ይደባብሳል» አለች እሷ፣ ወደኔ እያየች።

ብልባላ ውስጥ ሃያ ጋሻ የሚሆን ሜዳ የለም። ግን እንዴት ያምር ነበር! አንዱ ሲጀምር ሌላው እየጨረሰ፣ ሳይደናቀፉ፣ ሳይተያዩ። አንድ ቃል ፈጥረው የማያውቁ ልጆች አንድ ሙሉ ሰው ፈጥረው አቆሙ።

«አሁን የት ነው?» አለ ጓድ ከፋለ።

«ሞቷል» አሉ እኩል።

«ስድስት ዓመት ሆነው» አለች የሺሃረግ። «ተዝካሩን እኛም በልተናል።»

ይኸኛው እውነት ነው። በስልሳ አራት የኔታ ለአዝመራው ተዝካር ብልባላ ተጠርተው ሄደው ነበር። ሲመለሱ በአቁማዳ ዳቦና ሥጋ ይዘው መጡ፤ ልጆቹ በልተው ነፍስ ይማር አሉ። የልጆቹ ብልሃት ወዲያው ገባኝና ልቤ ተመለሰ። ሙት አይታሰር፣ ሙት አይገረፍ። ልጅም የለው።

ጓድ ከፋለ ከሞተ ባላባት ጋር ምንም ጉዳይ አልነበረውም፤ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። አብዱልሀሚድ ግን ሲጋራውን አጠፋና «ያ ዋርካ አሁንም አለ?» አለ። «ቤቱን ማየት አለብኝ። ፊልሙን እዚያው ነው የምናነሳው።» ጓድ ከፋለ እንግዳውን ለማስደሰት በማግስቱ ሁለት አብዮት ጥበቃዎችን ቦታውን እንዲያዩ ወደ ብልባላ ላከ።

ዋርካ አላገኙም። አዝመራውን አገኙ።

ላስታ ውስጥ ልጅ የሌለው ሰው የቁም ተዝካር ያወጣል። ስሞት የሚያወጣልኝ የለም ይልና፣ ገና በሕይወቱ ቀሳውስቱን ጠርቶ፣ ያለውን አርዶና ጠምቆ፣ የራሱን ተዝካር ራሱ ያበላል። ከበላተኞቹ ጋር ቁጭ ብሎ ነፍስህን ይማር ሲባል አሜን ይላል። አያ አዝመራው እንዲያ ነው ያደረጉት፤ ሚስታቸው በሞተች በዓመቱ፣ የነበራቸውን አንድ ወይፈን አርደው። የኔታ ለልጆቻቸው ይህን አልነገሯቸውም። ለምን ይነግሯቸዋል? ዳቦውን ሰጧቸው፣ በሉ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አብዮት ጥበቃዎቹ አንድ የስድሳ አምስት ዓመት ሽማግሌ እጃቸውን የፊጥኝ አስረው ከተማ ሲያስገቧቸው ከየሺሃረግ ጋር መንገድ ዳር ቆመን ነበር። ማን ናቸው ብለን ጠየቅን። ስማቸውን ስትሰማ «ተዝካሩን በልተናል እኮ» አለችኝ፤ ደጋግማ አለችኝ። ባላባት ይቅርና፣ ሰውዬው በአዋጁ መሬት ያገኙ ጭሰኛ ነበሩ። የራሳቸውን መሬት ሁለት ክረምት እንኳ በወጉ አላረሱትም። ጓድ ከፋለ ግን በደስታ አበደ። ለሱ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ሞቻለሁ ብሎ፣ ሐሰተኛ ተዝካር አውጥቶ፣ ጭሰኛ መስሎ ከአብዮቱ የተደበቀ ባላባት ያዘ። ቅዳሜ ገበያ ላይ በሕዝብ ፊት ይጋለጣል ተባለ።

ዓርብ ጠዋት ሦስታችንም የኔታ ዘንድ ሄድን። ድንጋያቸው ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቁ ነበር። የሺሃረግ እግራቸው ሥር ተንበርክካ ሁሉንም ነገረቻቸው። ሲሰሙ ፊታቸው ምንም አላሳየም።

«አዝመራው መሞቱን ማን ነገራችሁ?»

«ተዝካሩን በላን እኮ አባባ።»

«ደነዞች» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «ቃሉስ የማን ነው? የማንን አፍ ነው ለአዝመራው የሰጣችሁት?»

ሙሉሃብት መሬት መሬት እያየ «የእርስዎን» አለ።

የኔታ ሁለት ጊዜ ሳሉ። ሊረግሟቸው ነው ብዬ ወደ ኋላዬ አፈገፈግሁ። «የትኛውን?» አሉ።

«የዝናቡን» አለች የሺሃረግ።

«እሱ ደህና ነበር።»

እንዲህ ነው ያሉት፤ በጆሮዬ ነው የሰማሁት። ሰው ሊሞት ነው እየተባሉ የኔታ ቃላቸው ስላማረች ደስ አላቸው። ወዲያው ግን ከሳቸው ያልጠበቅሁትን ተናገሩ። «አዝመራው በኔ ቃል አይሞትም። የሰው ቃል ለሰው አይሰጥም። ነገ ገበያው ላይ ሄጄ የኔ ነው እላለሁ።»

«አንቱ ከተናገሩ እኛንም ይወስዱናል» አለ ሙሉሃብት። «ዋሽታችሁ ባላባት ሸሸጋችሁ ይሉናል። የመሄጃ ወረቀታችን እኮ ተፈርሟል፣ አባባ። ሰኞ ነው የምንሄድ።»

«እኔ ነገ እናገራለሁ» አሉ የኔታ። ጢማቸውን ወደ ላይ ደባበሱት። ከዚያ ሂዱልኝ አሉን።

አመንኳቸው። የኔታን የሚያህል ደፋር ሰው በላሊበላ አላውቅም ነበር፤ በደጃዝማቹ ዘመን ደጃዝማቹን፣ በአብዮቱ ዘመን አብዮቱን የሰደቡ ሰው ናቸው።

ቅዳሜ ገበያው ከወትሮው ሁለት እጥፍ ሞላ። አያ አዝመራው እጃቸው እንደታሰረ ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ አቆሟቸው። አብዱልሀሚድ ካሜራውን በሦስት እግሩ አቁሞ ያነሳል። እነ ሙሉሃብት ከጓድ ከፋለ ጎን ቆመዋል፤ እኔ የባላባቱ ንግግር የተጻፈበትን ወረቀት ይዤ ከነሱ ቀጥሎ። የኔታ መቋሚያቸውን ይዘው ሲመጡ አየኋቸው። ሰው እየገፉ ከጨው ሻጮቹ አጠገብ፣ ከፊት ከፊት ቆሙ። ከድንጋዩ አሥራ አምስት እርምጃ ቢርቁ ነው።

ጓድ ከፋለ ስለ ሐሰተኛው ተዝካር ተናገረ። አያ አዝመራው እስኪጨርስ ጠበቁና «ጌታው፣ የቁም ተዝካር ነው» አሉ። «ልጅ የለኝም። እኒህ ሁሉ ያውቁታል፤ ጠይቋቸው።»

ገበያው ውስጥ ሃያ ቄስ ቢያንስ ነበር። የቁም ተዝካር ምን እንደሆነ የማያውቅ አንድ ሰው ቢኖር ጓድ ከፋለ ነው። እሱ ደግሞ አልጠየቀም፤ ያልተጠየቀም አልመለሰም። «አንብብ!» አለኝ።

አነበብኩ። ባላባቱን ሆኜ አልነበረም፤ አልሳልኩም፣ ጢሜንም አልነካሁም። ድምፄ ከጉሮሮዬ እንኳ በወጉ አይወጣም ነበር። ቃሉ ግን ቃል ነው። ዝናቡ ጋ ስደርስ አያ አዝመራው ቀና አሉ፤ ፈገግ ያሉም መሰለኝ። ዓይናቸው ሰዉን እያለፈ እያለፈ ሄዶ ከጨው ሻጮቹ አጠገብ ቆመ።

«ይህ ቃል ያንተ ነው፣ አይደለም?» አለ ጓድ ከፋለ።

«እኔ እንዲህ መናገር ብችል የት በደረስኩ» አሉ አያ አዝመራው። «የተናገረውን ሰው ግን አውቀዋለሁ። ተዝካሬ ላይ ጮማ እየቆረጠ ብዙ እንዲህ ያለ ሲናገር ሰምቼዋለሁ። እዚሁ ቆሟል።»

«ጥራው!»

«እኔ ሰው አልሰጥም። ራሱ ይናገር።»

ገበያው ረጭ አለ። አህያ እንኳ አልጮኸም ብል የተረት ይመስላል፤ አህያ ጮኋል። ሰው ግን ትንፋሽ አላሰማም። ጓድ ከፋለም፣ ምን እንደነካው አላውቅም፣ ዝም ብሎ ጠበቀ። አያ አዝመራው ዓይናቸውን ከየኔታ ላይ አላነሱም። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ተራ ደርሶት እንደሚጠራ ሰው ነበር የሚያዩዋቸው። የኔታ ሁለት ጊዜ ሳሉ። ያን ሳል ከተማው ሁሉ ያውቀዋል፤ እኔ ነኝ ያስተማርኩት። አጠገባቸው የቆሙት ሴቶች አንገታቸውን ደፉ። አሁን ሊናገሩ ነው አልኩ። አፋቸው ተከፍቶም ነበር። ጥርሳቸውን ሁሉ አየሁት፤ ምላሳቸው ሲንቀሳቀስ አየሁት። ከዚያ አፋቸውን ገጠሙና መቋሚያቸው ላይ አገጫቸውን አሳረፉ።

«ማንም የለም» አለ ጓድ ከፋለ። ወደ ጎኑ ዞረ። «ጓድ ሙሉሃብት፣ ያ የነገርከኝ አዝመራው ይኸ ነው?»

ሙሉሃብት አባቱን አየ። አባቱ መሬት ነው የሚያዩት።

«ነው» አለ።

«ድምፁም የሱ ነው» አለች የሺሃረግ። ወንድሟ የጀመረውን ጨረሰችለት፤ እንደ ሁልጊዜው።

አያ አዝመራውን ወደ ቁልቁለቱ ይዘዋቸው ወረዱ። ሲወርዱ «ተው አትግፋኝ፣ መንገዱን አውቀዋለሁ» ሲሉ ሰማሁ። ሦስት ጥይት ተተኮሰ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ጨው ሻጩ ይጣራ ጀመር። የሞተ ተጎዳ፤ ሌላው ሰው ጨው ያስፈልገዋል። እኔም ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና ወደ ቤቴ ሄድኩ። ራት በላሁ። መብላቴን የምደብቀው ነገር አይደለም።

ሰኞ ልጆቹ በጭነት መኪና ሄዱ። አባታቸውን ሳይሰናበቱ ነው የሄዱት፤ ወይም እሳቸው አላስገቧቸውም፤ ሁለቱንም ሰምቻለሁ። ፊልሙ በሁለት ዓመቱ ወጣ። ከዚያ ሌላ ፊልም፣ ከዚያ መዓት የሬዲዮ ድራማ ጻፉ፤ ተሸለሙ፤ በየጋዜጣው ወጡ። አብዱልሀሚድ ጀግኖቻቸውን አንድ ቀን እንኳ አልወደደላቸውም ይባላል፤ ክፉዎቻቸውን ግን አገር ወደደላቸው። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሹፌር ሁሉ «ዝናቡንስ ለማን ሰጣችሁት?» እያለ ያስቃል። ከማን አፍ እንደወጣ ቢጠየቅ የልጆቹ ነው ይላል። የሰው ቃል ባለቤቱን ሳይጠሩ መውሰድን እዚያ ለመዱት ማለት ነው። የሚያስከፋኝ ጥሩ ጸሐፊዎች መሆናቸው ነው። ደካሞች ቢሆኑ እንዴት በተገላገልኩ።

የኔታ ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ማስተማር ተዉ። የቀሩት ሦስት ተማሪዎች አንድ ሳምንት ጠበቁና አቁማዳቸውን ይዘው ሄዱ። ድንጋያቸው ላይ መቀመጡን አልተዉም፤ ግን አይናገሩም። ሰው ሲያልፍ ሰላም ይላቸዋል፣ በራሳቸው ይመልሳሉ። እኔ በዚያ በኩል ማለፍ አቆምኩ፤ ዙሪያ ዞሬ ነበር የምሄደው።

ዐቢይ ጾም ሲገባ አስጠሩኝ። ቀትር ነበር። ሄጄ ከፊታቸው ቆምኩ። ቁጭ በል አላሉኝም።

«አንተ ነህ አሉ እኔን የምትሆን» አሉ።

«አዎ፣ የኔታ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ይቅርታ ጠይቀኝ አላልኩህም። ያን ቅዳሜ ስታነብ እንደ በግ ነበር ድምፅህ። አዳራሹ ውስጥ ግን ሰው በሳቅ ይፈርስ ነበር ይባላል። እስቲ እንደዚያ አድርገህ አሰማኝ። ሁሉንም። ምንም አታስቀር።»

እምቢ ልላቸው አሰብኩ፣ አልቻልኩም። የለመድኩት ሥራ ነው፤ ከጀመርኩ ደግሞ በግማሽ ልብ መሥራት አይሆንልኝም። ሁለት ጊዜ ሳልኩ። ጢሜን ወደ ላይ ደባበስኩ። ስለ መሬቱ ተናገርኩ፣ ስለ ዝናቡ ተናገርኩ፣ በሬ ስለነዳው ሰው ተናገርኩ። ድሃን ናቅሁ፣ ሴትን ናቅሁ፣ የሚሰማኝን ሰው ሁሉ ናቅሁ። ከተቀመጡበት ድንጋይ ፊት ቆሜ እሳቸውን በሳቸው ላይ ጮኽኩባቸው። እያየኋቸው ነበር። መጀመሪያ እንደ ተማሪ ጆሯቸውን ጣል አደረጉልኝ፤ አንድ ቦታ ላይ ጥቂት ሳቁ፤ ከዚያ ፊታቸው እንደ ደረቀ ቆዳ ተኮማተረ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

ጨርሼ ስቆም ላቤ ይንጠባጠብ ነበር።

«ይህ ሰውዬ ነበር መሞት የነበረበት» አሉ የኔታ።

«አዎ፣ የኔታ» አልኳቸው። የምለው አጥቼ ነው ብል ዋሽቻለሁ፤ የምለው እሱኑ ነበር።